ልጅ ነሽ ወይስ አዋቂ?

በዚህች ከተማ የሃያ ምናምን ዓመት ወጣት በአንድ ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ዕድሜው እንደሚቀያየር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ቤት ውስጥ ሐሳብ ሲሰጥ «አንተ ልጅ፣ በትልልቅ ሰዎች ወሬ አትግባ» ይባላል። ማታ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ደግሞ ያው ልጅ «ይኼን የምታህል ሰው ሆነህ አታፍርም?» ይባላል። ታዲያ የቱን ይሁን?

ይኼን ያነሳሁት አንዲት የ22 ዓመት አንባቢያችን የላከችልኝ ደብዳቤ ስላሳሰበኝ ነው። አካውንቲንግ የተማረችው አባቷ ስላሏት ነው። የምትሠራው አጎቷ ያስገቧት ቦታ ነው። አሁን ደግሞ ሽማግሌ ተልኳል፣ መልሱ ለሁለት ሳምንት ተቀጥሯል። «ሰውየውን አልጠላሁትም። ግን እሺ ብል፣ እሺ ያልኩት እኔ መሆኔን በምን አውቃለሁ?» ትላለች።

አንዳንዱ «ቅብጠት ነው» ይል ይሆናል። ዕድሜውን ሙሉ ይኼንኑ ጥያቄ ሲያጠና የኖረ ሰው ግን አለ። ኤሪክ ኤሪክሰን ይባላል። በ1902 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ተወለደ። ወላጅ አባቱን አላወቀውም። ያሳደገው የእንጀራ አባቱ የሕፃናት ሐኪም ነበር። እናቱ ዴንማርካዊት አይሁዳዊት ስትሆን እሱ ረጅምና ወርቃማ ጸጉር ያለው ልጅ ሆነ። እናላችሁ፣ ምኩራብ ሲሄድ «ፈረንጁ መጣ» ዓይነት ይቀልዱበታል፣ ትምህርት ቤት ሲሄድ ደግሞ «አይሁዳዊ» ብለው ያገሉታል። ከሁለቱም ሳይሆን አደገ ማለት ነው።

ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሥዕል እየሳለ በአውሮፓ ተንከራተተ። በ1927 ቪየና ሄዶ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ልጆች ማስተማር ጀመረ፤ እዚያው የታዋቂው የፍሮይድ ልጅ አና ፍሮይድ የሥነ ልቦናውን ሙያ አሠለጠነችው። በ1933 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። የመጀመሪያ ዲግሪ እንኳ ሳይኖረው ሃርቫርድ ፕሮፌሰር ሆነ። ከ12ኛ ክፍል በላይ ላልዘለቅን ለኔ ቢጤዎች መልካም ዜና ነው! አሜሪካዊ ዜግነት ሲያገኝ ደግሞ የቤተሰብ ስሙን ኤሪክሰን አደረገው። ትርጉሙ «የኤሪክ ልጅ» ነው። አያችሁ፣ በአባት ስም ለምንጠራ ለኛ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም። ሰውየው የራሱ አባት ሆነ እኮ!

«የማንነት ቀውስ» የሚባለውን አነጋገር ያስለመደው እሱ ነው። በ1950 ባሳተመው መጽሐፉ የሰውን ዕድሜ በስምንት ደረጃ ከፈለው። በየደረጃው አንድ ፈተና አለ። ሕፃን ሲያለቅስ የሚደርስለት ካለ ዓለምን ማመን ይማራል፣ ከሌለ ይጠራጠራል። ትንሽ ከፍ ሲል «እኔ ራሴ ልብላ!» ይላል፤ ደፋው ተብሎ ሁልጊዜ ከተቆጣ ማፈርን ይማራል። ከዚያ የዕቃ ዕቃና የ«ለምን?» ዕድሜ ይመጣል፤ ዝም በል ከበዛበት ጥያቄው ራሱ ጥፋት ይመስለዋል። ትምህርት ቤት ሲገባ «እችላለሁ» ወይም «አልረባም» ማለት ይጀምራል። በጉርምስና አምስተኛው ይመጣል፦ «እኔ ማነኝ?» ስድስተኛው ፍቅርና ትዳር ነው። ሰባተኛው ተተኪ ማፍራት፣ ስምንተኛው በስተርጅና ዞር ብሎ «ደህና ኖሬያለሁ» ማለት መቻል ነው።

ልብ በሉ! ማንነት አምስተኛ፣ ፍቅር ስድስተኛ ነው። ራሱን ያልያዘ ሰው ራሱን ለሌላ መስጠት ይቸግረዋል ነው ነገሩ። ከእሱ በኋላ ጄምስ ማርሺያ የሚባል ተመራማሪ በ1966 ወጣቶች በአራት ቦታ እንደሚገኙ አሳየ። ገና የሚፈልግ አለ። ፈልጎ ያገኘ አለ። ፍለጋውም ምርጫውም የሌለው አለ። አራተኛው ደግሞ ሳይፈልግ፣ ቤተሰብ የሰጠውን ተቀብሎ በሩን የዘጋ ነው። እህታችን እዚህ በር ላይ ቆማለች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ግን እጇን አስገብታለች።

እርግጥ ሁሉንም እንዳለ መዋጥ የለብንም። ኤሪክሰን የአውሮፓና የአሜሪካን ሕይወት ይበልጥ አይቶ ነው የጻፈው ብለው የሚተቹት ምሁራን አሉ። ደግሞስ የቤት ኪራይ የሚጠብቀው የኛ አገር ወጣት ሥዕል እየሳለ ይዙር? ለኛ «ማነኝ?» ሲባል «የእነማን ልጅ ነኝ?» አብሮ አለ። ይኼም ነውር አይደለም።

ስለዚህ እህቴ፣ እንዲህ ልበልሽ። እምቢ በይ አላልኩሽም። ወላጅን ለማናደድ ብቻ ተብሎ የሚባል እምቢም የራስ አይደለም፤ ኤሪክሰን ራሱ የተባለውን ሁሉ ገልብጦ መሆንን «አሉታዊ ማንነት» ይለዋል። መጀመሪያ ጊዜ ጠይቂ። ከዘመድ መሐል የምትሰማሽን አንዲት ትልቅ ሰው፣ አክስትም ትሁን የክርስትና እናት፣ ያዢና «ጥቂት ወር ስጡኝ» በይ። ሽማግሌ ተመላልሶ መምጣት ልማዱ ነው፣ አይሞትም። ሁለተኛ፣ ሰውየውን ራሱን አግኝተሽ አነጋግሪው፤ ስለ ሥራሽ፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ልጅ ምን እንደሚያስብ ጠይቂው። ጥያቄሽ ካስቆጣው መልሱን አገኘሽ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ በነዚህ ወራት ማንም ያልመረጠልሽን አንድ ነገር ከደመወዝሽ ላይ ቆጥበሽ ጀምሪ፣ የማታ ትምህርትም ይሁን ሌላ። ትንሽ ትሁን፣ ግን የአንቺ ትሁን።

ከዚያ በኋላ «እሺ» ብትይ እልል እንላለን፣ «ይቅርብኝ» ብትይም አብረንሽ ነን። ወላጆች፣ እናንተም እባካችሁ፣ ልጃችሁ ሒሳብ ለመክፈል ከደረሰ ለመናገርም ደርሷል።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!