ስለ ድባቴና ስለ ጓዳ ጨው

ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚያልፈው መንገድ ዳር፥ ወይም ወደ ስሜን ተራራ በሚወጣው ደጋ፥ አንዲት የቤት እመቤት ሥራዋን ሁሉ ስትሰለች፥ ፀሐይ ወጥታ ሳለ ብርድ ብርድ ሲላት፥ ከሰው ጋር መጨዋወት ትታ ስትተክዝ ብትታይ፥ ጎረቤት ወዲያው «ሰነፈች» ወይም «ዛር ይዟታል» ይላል። እኛ ግን ከመፍረድ አስቀድሞ ሁለት ነገር እንዲታይ እንለምናለን፤ አንደኛው አንገቷ፥ ሁለተኛው የጓዳዋ ጨው ነው።

በአንገታችን ፊት ለፊት ያለችው ዕጢ የሰውነታችንን ሙቀትና ትጋት የሚያዝዘውን ሆርሞን የምትሠራው በአዮዲን ነው። የሚያስፈልገውም እጅግ ጥቂት ነው፤ ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፥ ለነፍሰ ጡር 250 ይበቃል። ይሁን እንጂ በተራራማ አገር ዝናም አፈሩን ለብዙ ዘመን ሲያጥበው አዮዲኑም አብሮ ይሄዳል፤ ስለዚህ በዚያ የበቀለው ገብስና ባቄላ ሆድ ቢሞላም አዮዲን ይጎድለዋል። ዕጢዋም ጕድለቱን ለማሟላት ስትታገል ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። እናቶቻችን አንገታቸውን የተነቀሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ እንቅርትን ይከለክላል ብለው የተነቀሱም አሉ። ዕጢዋ ስትደክም ሰውነት ይከብዳል፥ አሳብ ይዘገያል፥ ልብም ይተክዛል፤ ሐኪሞች ድባቴ የሚሉትን ሕመም ይመስላል፥ አንዳንድ ጊዜም ያመጣዋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቀድሞ ከአፋር በረሃ ይወጣ የነበረው አሞሌ እንደ ገንዘብ እስኪቈጠር ድረስ የተከበረ ነበር፤ ለዚህ ሕመም የሚበቃ አዮዲን ግን አልነበረውም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት ለምግብ የሚሆነው ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ አዘዘ። በዚያው ዓመት በተደረገው የአገር ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ገደማ ሲሆን፥ በ2008 ዓ.ም. ወደ 89 ደርሷል። ይህ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አዮዲን መገኘቱ ልኩ መሙላቱን አያስረዳም።

ደግሞ በገዛ እጃችን የምናጠፋው አለ። ጨውን «ቈሻሻ ነው» ብሎ ማጠብ፥ በፀሐይ ማስጣት፥ በምድጃ አጠገብ ክፍት አድርጎ ማኖር አዮዲኑን ያባክናል። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር። መጠኑን ማብዛት ግን አይገባም፤ የደም ግፊትን ያስነሣልና።

ስለ ቪታሚን እንክብልም የሚጠይቁን አሉ። ጕድለት በሌለበት ሰው እንክብሉ ድባቴን እንደሚፈውስ አልተረጋገጠም። አዮዲንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት ቢወሰድ፥ ይልቁንም እንቅርቱ የቈየ ከሆነ፥ ዕጢዋን ያውካል።

ድባቴ ሁሉ ከጓዳ የሚመጣ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት አጠገብ ጭና በደረሰ ጊዜ ዘመዱን የቀበረ ሰው ኀዘኑ በጨው አይድንም፤ የሚያጽናናው ወገንና የሚያክመው ሐኪም ያሻዋል። ስለዚህ ያቺ እመቤት፥ አንገቷ ባያብጥም እንኳ፥ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ደሟ ይመርመር። ባሏም ለገበያ የሚጭነውን በቅሎ ለአንድ ቀን ይተውላት።