አጭር መንገድ፣ ረጅም ወረፋ

ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ ያደረግነው ከመርሳ ከተማ አንዲት እናት የላኩልንን ደብዳቤ ነው። እኒህ እናት በገበያ ቀን ማንጎና ፓፓያ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያስተማሩ ናቸው። የመጨረሻዋ ልጃቸው ከአገር ውጭ በአንድ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነች። ስሟም ሆነ የመሥሪያ ቤቷ ስም እንዳይገለጥ ስለ ጠየቁን ትተነዋል። ደብዳቤያቸው እንዲህ ይላል።

«ልጄ ከወለደች ወዲህ ማታ ማታ ቤቷ እንድትገባ ብላ በአጭር መንገድ በረራ ላይ ቀረች። አብሯት የተማረው ጓደኛዋ ግን ባሕር ተሻግሮ ይበርራል። አሁን እሱ ዋና አብራሪ ሊሆን ነው፤ እሷን ግን ሰዓትሽ አልሞላም አሏት። በቀን አራት ጊዜ ተነሥታ አራት ጊዜ እያረፈች ሰዓቷ እንዴት አይሞላም? እኔም ሕፃኑን ወደ መርሳ አምጪልኝና አንቺም ሩቁን ያዢ አልኳት። አልቅሳ ስልኩን ዘጋችው። አጥፍቻለሁን?»

እናታችን፤ በመጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እናስረዳዎ። የበረራ ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ለመብረር ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ጊዜ ጀምሮ አርፎ እስኪቆም ድረስ ነው። በአጭር መንገድ ላይ መንገደኛ ሲወርድና ሲወጣ፣ ነዳጅ ሲሞላ የሚያልፈው ጊዜ ሥራ ነው እንጂ በረራ አይባልም። ከዚህም በላይ በብዙ አገሮች ደንብ፣ አብራሪው በቀን የሚያደርጋቸው በረራዎች ቁጥር ሲበዛ የተፈቀደለት የሥራ ሰዓት ያጥራል፤ ምክንያቱም መነሣትና ማረፍ አድካሚ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ከንጋት እስከ ምሽት ደክማ አራት ወይም አምስት ሰዓት ስታስመዘግብ፣ ጓደኛዋ በአንድ ጉዞ ብቻ ከአሥር ሰዓት በላይ ያስመዘግባል።

ነገሩን በሚያውቁት መንገድ እናስበው። ከመርሳ ወልድያ ሲመላለስ የሚውል የሚኒባስ ሾፌርና ከወልድያ አዲስ አበባ የሚነዳ የአውቶቡስ ሾፌር በኪሎ ሜትር ብቻ ቢመዘኑ የሚኒባሱ ሾፌር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ነገር ግን በየመንደሩ የሚቆመው፣ ከባጃጁና ከከብቱ መካከል የሚሽሎከለከው እሱ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌርም በበኩሉ የሌሊት መነሻና የረጅም መንገድ ድካም አለበት። ሁለቱም ሾፌሮች ናቸው፤ ችሎታቸው ግን በአንድ መስፈሪያ አይሰፈርም።

በአየርም እንዲሁ ነው። በጣም ረጅም በሆነ በረራ ላይ ሦስት ወይም አራት አብራሪዎች በየተራ እያረፉ ስለሚሠሩ፣ አውሮፕላኑን የማሳረፉ ዕድል የሚደርሰው ለአንዱ ብቻ ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ደግሞ አንድ አብራሪ በ90 ቀን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ሦስት ጊዜ እንዲያርፍ ያዝዛል፤ አንዳንዶቹም ይህን የሚያሟሉት በሲሙሌተር ነው። ለከፍተኛው የአብራሪነት ፈቃድ የሚጠየቀው 1,500 ሰዓትም ዝቅተኛው መነሻ እንጂ የወረፋ መቁጠሪያ አይደለም። እንግዲህ ሰዓትን ብቻ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት አጭር በራሪውን ይበድላል፤ ማረፍን ብቻ የሚቆጥርም ረጅም በራሪውን ይበድላል። ብዙ አየር መንገዶች ከዚህ ጣጣ ለመውጣት ተራውን በቅጥር ቀን ይይዛሉ፤ ተራው የደረሰውንም አሠልጥነው ለሁሉም እኩል በሆነ ፈተና ይለዩታል።

አጭር መንገድ ዝቅተኛ ሥራ እንዳልሆነ ከገዛ አገራችን ምሳሌ እንጥቀስ። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ረዳት አብራሪ ሆነው በትንሹ ፎከር 50፣ ኋላም በቦይንግ 757 እና 767 ሠርተዋል። በጥቅምት ወር 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ዋና አብራሪ ሲሆኑ የበረሩት ወደ ባሕር ማዶ አልነበረም፤ በኪው 400 አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደርና አክሱም ነበር። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበትን በረራ እየመሩ ባንኮክ ገብተዋል። ከትንሹ ወደ ትልቁ፣ ከትልቁም ተመልሶ በትንሹ አዛዥ መሆን በሙያው የተለመደ መሰላል ነው።

የሴቷ ነገር ሲታከልበት ግን ጥያቄው ይከብዳል። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ከበረራ በምትርቅበት ጊዜ ሰዓት መቁጠሩ ይቆማል። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ዕድገት እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልጅዎ ያለችበት አገር ሕግ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጅ በመውለዷ የጎደለው ሰዓት እንደ ስንፍና ሊቆጠርባት ይገባልን? ሩቅ የሚበርረውን ጓደኛዋንስ «ልጆችህን ማን ይይዝልሃል?» ብሎ የጠየቀው አለን?

እናታችን፤ ሕፃኑን ላሳድግ ማለትዎ የእናት ደግነት ነው፤ አላጠፉም። ልጅዎ ያለቀሰችው ግን ሐሳብዎን ጠልታ አይመስለንም፤ ከልጇና ከሙያዋ አንዱን ምረጪ የተባለች መስሏት ይሆናል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ከመለየቱ በፊት ሌላው ነገር ይጣራ። የዕድገቱን መመዘኛ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ ያሳረፈችባቸው በረራዎች ብዛት መዝገቧ ላይ አለና አያይዛ ታቅርብ፤ የወሊድ ፈቃዷ ተራዋን ነክቶት እንደሆነም ታጣራ። ባለቤቷም በቤቱ ሥራና በልጁ አስተዳደግ ድርሻውን ይያዝ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ሩቁን መንገድ ራሷ ከመረጠች ያን ጊዜ የመርሳው ቤት ክፍት መሆኑን ይንገሯት። አሁን ግን ደውለው «እስክትወስኚ ድረስ እኔ አልቸኩልም» ቢሏት ይበቃል።