የአራስ ቤቱ ጣሳ

እኩዮቼ፣ ሽንፋ ላይ አብረን ያረጀን ሁሉ፣ ይህን የምናገረው ለወጣቶቹ እናቶች አይደለም። እነሱን የጤና ኤክስቴንሽኗ ትመክራቸዋለች። የምናገረው ለእኛ ነው። የዱቄት ወተት ገዝተን አራስ ጥየቃ የምንሄደው እኛ ነን፤ «ወተቷ ቀጥኗል፣ ልጁ አልጠገበም» ብለን የምንፈርደውም እኛው ነን። ወልዳ የተኛች ልጅ ደግሞ የአያትን ቃል አትሽርም።

ጣሳው ስለታሸገ ንጹሕ ይመስለናል። አይደለም። ዱቄቱ ከፋብሪካ ሲወጣም ከተህዋስ ፈጽሞ የጸዳ አይደለም። ክሮኖባክተር የሚባለው ባክቴሪያ በደረቅ ዱቄት ውስጥ ለብዙ ወራት ሳይሞት ይቆያል፤ ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ ይራባል። ሁለት ወር ባልሞላው፣ ያለ ጊዜው በተወለደ ወይም ክብደቱ ባነሰ ሕፃን ላይ ይከፋል፤ ደም ውስጥ ገብቶ ማጅራት ገትር ያመጣል። ብዙዎቹን ይገድላል፤ ከሚተርፉትም የአንጎል ጉዳት ይዘው የሚያድጉ አሉ።

በሠለጠነው አገር አይደርስም እንዳትሉ። በየካቲት 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲሚላክ የተባለውን የሕፃናት ዱቄት ወተት የሚያመርተው ትልቁ ፋብሪካ ይህ ባክቴሪያ በግቢው ተገኝቶ ሥራ አቆመ፤ ዱቄቱም ከየሱቁ ተሰበሰበ። የሕፃናቱ ሕመም ከዚያ ፋብሪካ እንደመጣ በምርመራ ባይረጋገጥም፣ ምርቱን ጠጥተው ከታመሙት አራት ሕፃናት ሁለቱ ሞተዋል። ከዚያ በፊት በ2010 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ወተት አምራች ላክታሊስ ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ስለተገኘበት ከ83 አገሮች 12 ሚሊዮን ያህል ካርቶን የሕፃናት ዱቄት ወተት ሰብስቧል።

እዚያ ጣሳው ሥር በታተመው ቁጥር እያንዳንዱ ተፈልጎ ይመለሳል። በሱዳን ድንበር በገላባት በኩል በጭነት ላይ ፀሐይ ሲመታው ውሎ ገበያችን የደረሰውን ጣሳ ግን ማን ይጠራዋል? ቁጥሩንስ ማናችን አይተነው እናውቃለን?

ሙቀታችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። በመጋቢትና በሚያዝያ ጥላ ሥር 40 ዲግሪ ያልፋል። ደጋ ላይ በብርድ የሚዘገይ ተህዋስ እኛ ዘንድ በጥቂት ሰዓት ይፈላል።

በቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጄ ሰሊጥ አረም ወርዳ የሦስት ወር ልጇን ለእኔና ለባለቤቴ ትታልን ነበር። ሌሊት እሳት ከማንደድ ብለን ወተቱን በምሽት በጥብጠን ፔርሙዝ ውስጥ አሳደርነው። የሌሊቱንም የንጋቱንም ከዚያው አጠጣነው። ረፋድ ላይ ማስመለስ ጀመረ፤ ከሰዓት ዓይኑ ጎድጉዶ፣ አናቱ ሰርጉዶ አየሁት። አራት ቀን ጤና ጣቢያ አደርን። ተረፈ። ፔርሙዙን ግን እስከ ዛሬ ባየሁት ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያሳደርኩበት እኔ ነኝና።

እናቱ የሞተችበት ወይም ሐኪም እናቱን ጡት እንዳታጠባ የከለከለበት ልጅ ዱቄቱን ይጠጣል፤ ሌላ መንገድ የለውም። ለእሱ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ሥርዓት አለ። ውሃው ይንተክተክ፤ ከወረደ ግማሽ ሰዓት ሳያልፈው፣ ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ዱቄቱ ይበጠበጥበት። ባክቴሪያውን የሚገድለው ይህ ሙቀት ነውና ለብ ያለ ውሃ አይሆንም። ከዚያ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቁሞ ማብረድና እጅ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መለካት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣ ይደፋ፤ ሕፃኑ ጀምሮ የተወውም አይቀመጥ። ከጡጦ ይልቅ በስኒ መስጠት ይሻላል፤ የጡጦ ጫፍ ታጥቦ በቀላሉ አይጠራም። የተበጠበጠ ወተት ፔርሙዝ ውስጥ አይደር።

ሕፃኑ መጥባት እምቢ ካለ፣ ካተኮሰው ወይም ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው «እስኪነጋ እንየው» አትበሉ። በዚያው ሰዓት ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ለቀሩት ግን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃል፤ ውሃም፣ ቅቤም፣ ስኳርም አያስፈልገውም። ቅቤ ስናልስ የኖርን እኛ ይህን መቀበል ይከብደናል፤ ቢሆንም እንቀበለው። እባካችሁ፣ ነገ አራስ ልንጠይቅ ስንወጣ ጣሳውን ከሱቁ እንተወውና ለእናቲቱ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘን እንግባ። እሷ ትብላ፤ ልጁን እሷ ታጥባው።