እህል እያለ መራብ

“ዓለም ሕዝቧን መመገብ አቅቷታል” ሲባል ስሰማ መከራከሬ አይቀርም። ኧረ አላቃታትም! በተባበሩት መንግሥታት ግምት በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ 733 ሚሊዮን ሰው ተርቧል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ ምግብ ከየቤቱ፣ ከየሱቁና ከየምግብ ቤቱ ተጥሏል። ታዲያ ችግሩ የእህል መጥፋት ብቻ ነው እንዴ?

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የ1965/66ቱን የወሎ ረሃብ እንይ። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ያኔ እንደ አገር የምርቱ መቀነስ ያን ያህል የከፋ አልነበረም። ደሴ ገበያ ላይም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና አስመራ የሚወጣ እህል ነበር!

እንዴት ሆነ? ገበሬው ማሳው ሲደርቅበት የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ከብቱን ሊሸጥ ሲወጣ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ጠበቀው፤ የከብት ዋጋ ወደቀ። እጁ ባዶ ከሆነ ደሴ ላይ እህል ቢኖር ምን ይረባዋል? እህል ገንዘብ ያለበትን እንጂ ረሃብ ያለበትን ተከትሎ አይሄድም።

ዛሬም መልኩን ቀይሮ አብሮን አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው ቀንጭረዋል። ብዙዎቹ እኮ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ አይደለም፤ እንጀራ በሽሮ ይበላሉ። የጎደለው እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ አትክልቱ ነው። ገጠር ውስጥ ዶሮ ያላት እናት እንኳ እንቁላሉን ለልጇ ከመስጠት ይልቅ ሸጣ ጨውና ዘይት ትገዛበታለች። ምን ታድርግ?

ምርት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ድርቅና ጦርነት የሚያደርሱትንም አልዘነጋሁም። ግን “ዘንድሮ ይህን ያህል ኩንታል አመረትን” የሚለው ዜና ብቻውን ማንንም አያጠግብም። እኔ መስማት የምፈልገው ሌላ ቁጥር ነው፦ የቀን ሠራተኛ በአንድ ቀን ክፍያው ምን መግዛት ይችላል? ሴፍቲኔትና የትምህርት ቤት ምገባም እንደ ምጽዋት መታየታቸው መቅረት አለበት። እህሉ ካለበት ወደ ራበው ሰው የሚሻገርባቸው ድልድዮች ናቸው።

እስቲ ያላችሁበትን ከተማ ጠቅሳችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ እናንተ ጋ የአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ክፍያ ስንት እንቁላል ይገዛል?