ለሞተሩ ብረት፣ ለጭንቅላቱ ምንም

አዲስ ሞተር ሳይክል ባለቤቱ እጅ ሲገባ የሚሆነውን በባሕር ዳርም፣ በሐዋሳም፣ በጅማም ያየ ያውቀዋል። ታርጋው እስኪወጣ እንኳ አይጠበቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ግራና ቀኙን መከላከያ ብረት ይታሰርለታል። የነዳጅ ታንከሩ ፎደራ ይለብሳል፣ ከኋላ ፖርቶመጋላ ይገጠማል፣ ፓውዛ ይጨመራል፣ ክላክሱ በመኪና ክላክስ ይቀየራል። የመቀመጫው ፕላስቲክ ግን እንዳይቆሽሽ ተብሎ አይላጥም። ስፖኪዮው ላይ ሪባን ይታሰራል፣ ፓራፋንጎው ላይ «ማሻአላህ» ወይም «እመቤቴ ጠብቂኝ» ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ባለቤቱ ራሱ ላይ ምንም ሳያደርግ፣ ሚስቱንና ልጁን ከኋላ አፈናጦ አርባ ኪሎ ሜትር መንገድ ይወጣል።

በዚህ ሰው መሳቅ ቀላል ነው። እኔ አልስቅበትም፣ ሒሳቡ ይገባኛልና። ሞተሩ የተገዛው በእቁብ ወይም በብድር ነው፤ አንዳንዱም በሬ ሸጦ ነው የገዛው። ክፉ ቀን ከመጣ ይሸጣል። ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነው፤ የተጫረ ታንከር ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ ብረቱም ፎደራውም ንብረት ጥበቃ ናቸው፣ ለዚያ ሥራ ደግሞ ይበቃሉ። ሞተሩ ቆሞ ቢወድቅ ብረቱ ሞተሩን ያድናል።

ጥያቄዬ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ያ ብረት እሱንም የሚጠብቀው ይመስለዋል። ሃሪ ኸርት የተባለው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው ነበር። ውጤቱ በ1981 እ.ኤ.አ. ወጣ። የጎን ብረቱን ነገር ለብቻው አይተውታል፦ ቁርጭምጭሚትንና የእግር መርገጫን በመጠኑ ያድናል፣ ያዳነውን ያህል ግን በጉልበትና በጭን ላይ ጉዳት ይጨምራል። ለሰውዬው ሲደመር ሲቀነስ ምንም ማለት ነው። ሄልሜትን በተመለከተ ደግሞ 61 ጥናቶችን በአንድነት የመዘነ የ2008 እ.ኤ.አ. ግምገማ አለ፤ አደጋ ለደረሰበት አሽከርካሪ የሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ይቀንሳል ይላል። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ነፍስ ላይ ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣ ሌላ አላውቅም።

(ፓውዛውንማ ተዉት። አብዛኛው የሚያበራው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ የሚቆለለው ጭነትም ከኋላ ጎማ አልፎ ከተጫነ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፣ መሪው ይዋልላል።)

እዚህ ላይ ከሕንድ የምንማረው ነገር አለ፤ በየከተማችን የሚርመሰመሱት ቦክሰሮችና ቲቪኤሶች የሕንድ ኩባንያዎች ሥራ ናቸውና። በሕንድ የሞተር ተሽከርካሪ ደንብ መሠረት ባለሁለት እግር ተሽከርካሪ ሲሸጥ አምራቹ ደረጃውን የጠበቀ ሄልሜት አብሮ ማቅረብ አለበት። አፈጻጸሙ እዚያም ያከራክራል፣ ሕጉ ግን አለ። ከኋላ ጎማ ጎን የምትታየው ፍርግርግ ብረትም የመጣችው ከዚሁ ደንብ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ሳሪ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ነው የተሠራችው። እኛ አገር ሳሪ የለም፣ ነጠላና ጋቢ ግን አለ። ያቺን ብረት «ቁመናውን ታበላሻለች» ብሎ የሚፈታ ሰው ሚስቱን በጎን አስቀምጦ ቤተ ክርስቲያን ሲወስዳት የነጠላዋ ጫፍ የት እንደሚውለበለብ ዞር ብሎ ይይ።

የእኛ መንግሥትስ? ስለ ሞተር ሲነሳ የሚታወሰን እገዳ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ከተወሰኑት በስተቀር ሞተር እንዳይንቀሳቀስ ሲከለከል ምክንያቱ ዝርፊያ ነበር። ስለ ሌባው ብዙ ተባለ። በየክልሉ በሞተር ሥራ የሚሄደው መምህር፣ የግብርና ባለሙያ፣ ተሳፋሪ አመላላሽ ወጣት ግን በዚያ ወሬ ውስጥ አልነበረም። ሄልሜት እንዲደረግ የትራፊክ ሕጋችን ያዛል፤ የሚታሰበው ግን ትራፊክ ፖሊሱ ከሩቅ ሲታይ ነው።

ነገሩ ቀላል መፍትሔ አለው። ሞተር ያለ ሊብሬ፣ ያለ ታርጋ፣ ያለ ሶስተኛ ወገን መድን በሕግ መንገድ አይወጣም። ባለንብረቱ ሦስት ጊዜ መስኮት ላይ ይቆማል። ከሦስቱ በአንዱ «ሁለት ሄልሜትህ የት አለ?» የሚል ሰው ይኑር። ሻጩም ከሞተሩ ጋር እንዲያስረክብ ይገደድ፤ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ፊት ይሸፍናል፣ ለጸጥታ አይመችም የሚል ካለ ፊቱ ክፍት የሆነው ዓይነት አለ። ይሞቃል የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፣ በተለይ ቆላ ላይ። እሱንም ቢሆን ክፍቱ ያቀልለዋል።

የሚገዛም ሰው ይጠንቀቅ። የግንባታ ቆብ ሄልሜት አይደለም፤ ከላይ ለሚወድቅ ድንጋይ እንጂ አስፋልት ላይ ለሚወድቅ ሰው አልተሠራም። የሞተር ሄልሜት የሚያድነው በውስጡ ባለው ጠንካራ ስፖንጅ መሳይ ፎም ነው። ሲመታ ፎሙ ተጨፍልቆ ጭንቅላቱ በአንዴ እንዳይቆም ያደርጋል፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ነበረበት አይመለስም። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት፣ ላዩ ቢያብረቀርቅም፣ አብቅቷል። ስፖኪዮ ላይ ማንጠልጠልም ፎሙን ይጎዳዋል። ስትገዙ በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደል ከቁጥር ጋር መኖሩን እዩ፤ የሕንድ ከሆነ የአይኤስአይ ምልክትና 4151 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ማሰሪያው ካልታሰረ ደግሞ ሄልሜቱ ከሰውዬው ቀድሞ ነው የሚወድቀው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሞተር የምትረከቡ ካላችሁ፣ ሻጩ «ብረቱን በነፃ እገጥምልሃለሁ» ሲላችሁ በእሱ ፋንታ ሁለት ሄልሜት ጠይቁት። አንዱ ከኋላ ለሚቀመጠው ነው። ልጅ የምትጭኑ ከሆነ ደግሞ በልኩ ይሁን፤ የአባት ሄልሜት በልጅ ጭንቅላት ላይ ይዞራል።