ቅጥልጥል ሽቦ ጥገና አይደለም
የድሮ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ የፊያት 682 ኤንትሬ ሾፌሮች፣ አንድ ነገር ልበል። ፍሬቻ እምቢ ሲል አንድ ሽቦ መቀጠል፣ ክላክስ ሲጠፋ ሌላ፣ ፊውዝ ሲቃጠል ደግሞ የሲጋራ ብር ወረቀት! ፊውዝ እኮ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። በ24 ቮልት ባለ 70 ዋት አምፖል 3 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች 6። ይህን በቀጭን የቴፕ ሽቦ አሳልፎ፣ ሰው ጭኖ፣ ከደባርቅ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ እኛ መካነ ብርሃን በጉም መምጣት ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ሙሉ ሽቦ ውድ ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ነው። ካልተቻለ ጥሩ ኤሌክትሪሻን አሮጌውን አውጥቶ፣ በልኩ ቆርጦ፣ ለየመስመሩ የራሱን ፊውዝ ሰጥቶ አዲስ ይዘረጋዋል። ለጎማ የምታወጡትን አስቡት እስቲ። ብቻ ሥራው ሳይጀመር ባትሪው ይነቀል።