ክትባቱ ቀድሞ ወደ ቆላው ይውረድ

በደጋና በወይና ደጋ በሚገኙ የገበሬ ማኅበሮች ዘንድ በየጊዜው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ለሁሉም ቀበሌ በየዓመቱ እኩል የማይዳረሰው ለምንድን ነው የሚል ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በግና ፍየል ለገበሬው የቁም ገንዘብ ናቸው። ልጅ ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ፣ ክረምቱ ገብቶ ጎተራው ሲራቆት ወደ ገበያ የሚነዱት እነርሱ ናቸው። በሬ ለሌላት ባልቴትማ ሁለት ፍየል ማለት ሙሉ ሀብቷ ነው። ይሁን እንጂ ክትባት እንደ ርዳታ እህል በነፍስ ወከፍ የሚከፋፈል ነገር አይደለም። ከዚህም ከዚያም ጥቂት ጥቂት እየተወጋ የሚያልቅ ክትባት ለማንም የማይተርፍ መሆኑን ያለፈው ታሪክም የቅርቡ ጥናትም ያሳያሉ። በመሆኑም ክትባቱ በቅድሚያ በሽታው ዓመቱን ሙሉ ወደሚኖርበት ወደ ቆላው አርብቶ አደር መንጋ መውረድ አለበት። የደጋው ማኅበር መሪም ይህን ተረድቶ ለአባላቱ ማስረዳት ይኖርበታል።

ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ነው። የያዘው እንስሳ በመጀመሪያ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ያነባል፤ ንፍጡ እየወፈረ አፍንጫውን ይደፍነዋል። ድዱና ምላሱ ይቆስላል፣ አፉ ይሸታል፤ በመጨረሻም ተቅማጥና ሳል ተጨምረው ይጥሉታል። ያረገዘችው ትጨነግፋለች። በሽታው ጎብኝቶት በማያውቅ መንጋ ውስጥ የገባ እንደሆነ ከመቶው እስከ ዘጠና የሚደርሰውን ሊፈጅ ይችላል። ወደ ሰው አይተላለፍም። በኢትዮጵያ መኖሩ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ብዙ ጊዜ ገበሬው ምልክቱን ሲያይ ጉንፋን ወይም የፍየል ሳንባ በሽታ ይመስለዋል። ከገበያ መድኃኒት ገዝቶም ይወጋል። እንዲህ ያለው መድኃኒት ሳንባ ላይ የተደረበውን ሌላ በሽታ ያስታግሥ ይሆናል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም፤ ገንዘቡም ጊዜውም ያልቃል።

የዚህ በሽታ የቅርብ ዘመድ የከብቱ ደስታ ነበር። ስሙ ደስታ ተባለ እንጂ ደስታስ አልነበረበትም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በምጽዋ በኩል ከውጭ በመጡ ከብቶች ገብቶ የአገሪቱን ከብት ከመቶ ዘጠናውን ያህል እንደጨረሰ ይነገራል። በሬ አልቆ እርሻ ቆመ፤ ረኃቡ ተከተለ። ሽማግሎች ክፉ ቀን እያሉ ሲያወሩት የኖሩት ይህንኑ ነው።

ደስታ ዛሬ በዓለም ላይ የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ2001 በኬንያ ሲሆን፣ በ2011 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት መጥፋቱን አውጀዋል። ከሰው በሽታዎች ፈንጣጣ እንደጠፋ ሁሉ ከእንስሳት በሽታዎች በሰው ጥረት የጠፋ እስካሁን ደስታ ብቻ ነው። እንዴት እንደጠፋ ግን ለማኅበር መሪዎች በሚገባ አልተነገረም፤ ለዛሬው ክርክር መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

በ1962 የአፍሪካ አገሮች ደስታን ለማጥፋት አንድ ትልቅ የጋራ የክትባት ዘመቻ ጀመሩ። ዘመቻው ከአገር ወደ አገር እየተሸጋገረ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ቆየ። በሽታው ከብዙ ቦታ ጠፋ። ጠፋ ሲባልም ክንድ ዛለ፤ በጀቱ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ነገር ግን መኪና በማይደርስባቸው፣ መንጋው ከቦታ ቦታ በሚዘዋወርባቸው ጥቂት አካባቢዎች ቫይረሱ ተደብቆ ቀርቶ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የኢትዮጵያና የሱዳን ቆላ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በሽታው ከየተደበቀበት ወጥቶ እንደገና በአፍሪካ ተዛመተ። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ተከትቦ ሥራው ከጫፍ ላይ ሲደርስ የቀረችው ትንሽ ፍም ቤቱን መልሳ አነደደችው ማለት ነው።

በ1986 ሁለተኛው አህጉራዊ ዘመቻ ሲጀመርም በኢትዮጵያ የተያዘው መንገድ መጀመሪያ ላይ የቀድሞው ነበር፤ የተገኘውን ከብት ሁሉ በየዓመቱ መውጋት። በመንገድ ዳር ያለው የደጋ ከብት ደጋግሞ ይከተባል፤ የአፋር ከብት ግን በሙቀቱና በርቀቱ ምክንያት ክትባቱ ሳይበላሽ አይደርሰውም ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ነገሩን ገለበጡት። በደጋው ይደረግ የነበረው የጅምላ ክትባት እየቀነሰ፣ ኃይሉ ሁሉ በሽታው መሽጎ ወደተቀመጠባቸው ቆላዎች እንዲዞር ተደረገ። ውሳኔው ቀላል አልነበረም። የደጋው ከብት ያለ ክትባት ሲቀር በሽታው ቢገባ ምን ይሆናል የሚል ሥጋት ነበረ፤ ሥጋቱም ከንቱ አልነበረም።

በዚሁ ጊዜ ሙቀትን ተቋቁሞ ያለ በረዶ አንድ ወር ያህል የሚቆይ የደስታ ክትባት ተሠርቶ ነበር። ክትባቱን ይዘው ከመንጋው ጋር የዘለቁት ከከተማ የተላኩ ቡድኖች ብቻ አልነበሩም። ከአፋሮቹ መካከል ጎሣው የመረጣቸው፣ መንጋው የት እንዳለና በየትኛው ውሃ እንደሚሰበሰብ የሚያውቁ ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው መርፌውን ያዙ። በ1994 እነርሱ ከከተቧቸው ከብቶች መካከል በምርመራ የመከላከል ኃይል ያገኙት ከመቶ ሰማንያ የሚበልጡት ነበሩ። ከ1995 ወዲህ ደስታ በኢትዮጵያ አልታየም። ቆላው ሲጸዳ ደጋውም አብሮ ዳነ። አፋር ውስጥ በአንድ ጊደር ትከሻ ላይ የተወጋው መርፌ ወሎና ሸዋ ላይ ያለውን የእርሻ በሬ ጠበቀ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ደስታ መሰልም በዚሁ መንገድ ሊጠፋ ይችላል ብለው ሁለቱ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በ2015 አቢጃን ላይ እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት ዕቅድ አውጥተዋል። ዕቅዱ ምኞት ብቻ አይደለም። ቫይረሱ ከእንስሳ ውጭ ብዙ አይቆይም። ታሞ የዳነ እንስሳ ዳግም አይያዝም። ያለውም ክትባት በአንድ መርፌ ቢያንስ ሦስት ዓመት ይከላከላል፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋምም ያመርተዋል።

አሁን ወደ ጥናቱ እንመለስ ከተባለ፣ በ1999 በኢትዮጵያ በሰባት ክልሎች ከ13 ሺህ በላይ ከሆኑ በጎችና ፍየሎች ደም ተወስዶ ተመርምሮ ነበር። በ2008 የታተመው ውጤት በሽታው በአገሪቱ እኩል ተበትኖ እንደማይገኝ አሳየ። በሶማሌና በአፋር ቫይረሱ ያገኛቸው እንስሳት ብዙ ሲሆኑ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ጥቂት ነበሩ። በ2018 ደግሞ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን መረጃ በሒሳብ ስሌት አስልተው፣ ከመቶ ቢያንስ በ71ዱ የአርብቶ አደር መንደሮች ውስጥ የመከላከል ኃይል ያላቸው በጎችና ፍየሎች ቁጥር ሳያቋርጥ ከመቶ 37 በላይ ከሆነ የቫይረሱ መተላለፍ እንደሚገታ አመለከቱ።  በዚህ ላይ የተጨመረው ማስጠንቀቂያ «ሳያቋርጥ» የሚለው ቃል ነው። የመንጋው ቁጥር ባይለወጥም መንጋው ራሱ ፈጥኖ ይለዋወጣልና።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስሌት ማንም የማኅበር ጸሐፊ በወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። አንድ ቀበሌ 1,000 በግና ፍየል አለው እንበል። 700ው ተከተቡ፤ ክትባቱም ሁሉንም ያዘ። በዓመቱ ውስጥ ከ1,000ው 400ው ተሸጡ፣ ታረዱ፣ ሞቱ፤ በምትካቸው 400 ግልገል ተወለደ። የሄዱት ከተከተበውም ካልተከተበውም እኩል ከሆነ፣ ከ700ዎቹ የሚቀሩት 420 ብቻ ናቸው። መንጋው አሁንም 1,000 ነው፤ በመዝገቡ ላይ የተጻፈውም ሽፋን ከመቶ ሰባ ነው። እውነተኛው ሽፋን ግን ከመቶ 42 ወርዷል። በመጀመሪያ 300 ብቻ የተከተቡበት ቀበሌ ከሆነማ በዓመቱ የሚቀሩት 180 ናቸው፤ ይህም ከ37ቱ ወለል በታች ነው። ክትባቱን ለሁሉም ቀበሌ በጥቂት በጥቂቱ ማካፈል የሚያስከትለው ይህንኑ ነው። የዓለም አቀፉም ዕቅድ የሚለው በተመረጠው ቦታ ከሦስት ወር ዕድሜ በላይ ያለው ሁሉ ሁለት ዓመት በተከታታይ እንዲከተብ፣ ከዚያም በሚቀጥለው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ያሉት ግልገሎች ብቻ እንዲከተቡ ነው።

ከደጋ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ተገቢ መልስ ይሻል። የደጋው መንጋ በሽታውን ስለማያውቀው በገባበት ቀን ጉዳቱ የከፋ ነው። የአንድ ቀበሌ ገበሬ ፍየሎቹ እያለቁበት «ክትባቱ ቆላ ወርዷል» ቢባል አይጽናናም፤ ሊጽናናም አይገባውም። ስለዚህ ቆላው ይቀድም ማለት ደጋው ይረሳ ማለት አይደለም። በየወረዳው ለድንገተኛ ጊዜ የሚሆን ክትባት ተቀምጦ፣ በሽታው በታየበት ቀበሌና በዙሪያው ባሉት ቀበሌዎች ያለው በግና ፍየል ሁሉ ወዲያውኑ እንዲከተብ መደረግ አለበት። ይህ የመንግሥት ግዴታ ነው። ይህን ሳያሟሉ ደጋውን ታገሥ ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ለዚያ የተቀመጠው ክትባት የሚጠቅመው ወሬው በቶሎ ሲደርስ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ መንደር ከአንድ በላይ ቤት ፍየል ሲያስነጥስ፣ አፉ ሲቆስልና ሲያስቀምጠው የታየ እንደሆነ መሪው እስኪሞት ሳይጠብቅ ለእንስሳት ጤና ባለሙያው ማስታወቅ አለበት። ወሬው ከተሰማ ገበያ ይዘጋብናል ብሎ የሚደብቅ ማኅበር አለ። የሚደበቀው ግን ለጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚዘጋ ገበያ ሳይሆን የሚሸጥ ፍየል ይጠፋል።

በቆላ ያሉት መሪዎች ሸክም ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ክትባቱ ደርቆ በብልቃጥ የሚመጣ ነው። እስኪወጋ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ በመበጥበጫው ከተበጠበጠ በኋላም በጥላ ሥር በበረዶ ሣጥን ተይዞ ፈጥኖ ማለቅ አለበት። ቡድኑ ደርሶ መንጋው ገና ካልተሰበሰበ፣ ብልቃጡ ተከፍቶ ፀሐይ ሲሞቀው ካረፈደ፣ ከቀትር በኋላ የሚወጋው ውሃ ነው። እንስሳው ተወግቷል ይባላል፣ ይመዘገባል፤ የተከተበ ግን አይደለም። ይህን ያህል ሙቀት የሚችል የደስታ መሰል ክትባት ለማግኘት የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ሠርተውበት ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ሆኖም በእጅ ያለው ክትባት በረዶ እስከፈለገ ድረስ የመሪው ሥራ ከቡድኑ መምጣት በፊት ይጀምራል። የማን መንጋ የት እንደሚውል፣ በየትኛው ጉድጓድ በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚጠጣ፣ ማን ወደ ሩቅ ግጦሽ እንደሄደ ቀድሞ መታወቅ አለበት። ይህን የሚያውቁት ከዚያው የተወለዱ ናቸው፤ በአፋር የታየውም ይኸው ነው። የሠለጠኑ የአካባቢ ሰዎችን ለአንድ ዘመቻ ተጠቅሞ መርፌያቸውን ተቀብሎ ማሰናበት ግን በብዙ ቦታ የተለመደ ጥፋት ነው። ያለ አበል፣ ያለ መድኃኒት አቅርቦት፣ ያለ ባለሙያ ድጋፍ የሚተው ሰው ሁለተኛ ሲጠራ አይመጣም።

ስለ መዝገብም መናገር ያስፈልጋል። የተከተበው ቁጥር የሚጻፈው በቀበሌው መሪ ፊርማ ነው። የወረደውን ክትባት ሁሉ እንደተወጋ አድርጎ መጻፍ በወረዳ ያስመሰግን ይሆናል። ሆኖም በሽታው የሚያነበው ሪፖርቱን አይደለም። ቀርቶ የተመለሰ ወይም የፈሰሰ ብልቃጥ ካለ ቀርቷል፣ ፈሷል ተብሎ ቢጻፍ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅድ ላይ ቦታው እንደገና ይታያል። ያልተከተቡትም አብዛኛውን ጊዜ በቀን ሥራ የዋለው ድኻ፣ እረኛ የሌላት ባልቴት፣ ከሌላ ሰው በርቢ የያዘው ወጣት እንስሳት ናቸው። በክትባት ዕለት የእነዚህን ሰዎች መንጋ የሚነዳ ሰው ማኅበሩ አስቀድሞ መመደብ ይችላል። ገንዘብ አይጠይቅም።

ለደጋው ገበሬ ዋናው በር ገበያው ነው። ቫይረሱ ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጣው በነጋዴ እጅ ከሚነዳው በግና ፍየል ጋር ነውና። ከገበያ የተገዛ እንስሳ በተለየ ቦታ ታስሮ፣ ከሌላው ጋር ሳይሰማራና በአንድ ገንዳ ሳይጠጣ ሦስት ሳምንት ቢቆይ በሽታውን ይዞ ከሆነ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚያስበው አዲስ ስለተገዛው ብቻ ነው። ዋጋ አልወጣለትም ተብሎ ማታ ወደ ቤት የተመለሰው በግም ቀኑን ሙሉ ከየቦታው ከመጡት ጋር አፍና አፍንጫ ሲያነካካ ስለ ዋለ፣ እርሱም ሦስት ሳምንቱን ለብቻው ይታሰር።